ሱሉልታ መስክ ላይ ስላረፈችው አውሮፕላን ከቀድሞ ቴክኒሻንዎ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር አቶ ሽመክት ወልደየስ፣ የጭላት አየር አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ ለነበሩት፣ ዛሬም በአዲስ ስም በተከፈተው ድርጅት እዚያው ወንበር ላይ ለተቀመጡት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ደኅንነትዎን እጠይቃለሁ። ደም ግፊትዎም፣ ስኳርዎም፣ እንቅልፍዎም እንደተስተካከለልዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ፈጣሪ ዕድሜዎን አርዝሞ የሥራዎን ፍሬ በዓይንዎ ለማየት ያብቃዎት። እኔ አሥራት ደጀኔ ነኝ፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ሁለቱን አውሮፕላኖች ስጠግን የኖርኩት ቴክኒሻን። ስሜ ካልታወሰዎት «ያ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን የሚያወራው ሰውዬ» ቢባል ሳይታወስዎት አይቀርም። አሁን ቡራዩ አሸዋ ሜዳ፣ አስፋልቱ ዳር ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የውኃ ፓምፕና ጄኔሬተር እጠግናለሁ። ሥራው ደግ ነው፤ ጄኔሬተር ሲበላሽ እዚያው በቆመበት ነው የሚበላሸው። ችግሬ አንድ ብቻ ነው። የትንሽ አውሮፕላን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን መፍቻ አስቀምጬ እወጣለሁ። ድምፁ ከመናገሻ በኩል መጥቶ ወደ እንጦጦ እስኪሻገር ድረስ አንጋጥጬ አዳምጣለሁ፤ እስኪጠፋ ድረስ መቀመጥ አልችልም። ደንበኞቼ ለምደውኝ አሁን አብረውኝ ያንጋጥጣሉ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ በዝግ የጻፍኳቸው አሥራ አራቱ መልስ ስላላገኙ ነው። ይሁንና እርስዎ ሁልጊዜ «ወቀሳ አልፈልግም» ይሉ ስለነበር ትእዛዝዎን አክብሬ ምስጋናዬን ብቻ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የዛሬ አራት ዓመት ከሲሚንቶ ማከፋፈል ሥራ ወደ እኛ በመጡ ዕለት ስላደረጉልን ንግግር አመሰግናለሁ። አውሮፕላኖቹ በሚያድሩበት ሃንጋር ውስጥ ሰብስበውን «አውሮፕላን ማለት ክንፍ ያለው ሚኒባስ ነው፤ ሚኒባስ ደግሞ ቆሞ አይውልም» አሉን። አንዳንዶቻችን ቀልድ መስሎን ሳቅን። በሳምንቱ የባለቤትዎን ወንድም አቶ ወንዲን የደኅንነት ኃላፊ አድርገው ሾሙልን፤ እሳቸውም ይህን ኃላፊነት ከመኪና ስምሪትና ከምሳ አቅርቦት ጋር ደርበው ያዙት። የአደጋ ሥጋት ማሳወቂያ ቅጽም አዘጋጁልን። ቅጹ ከመሞላቱ በፊት በእርስዎ መፈቀድ ነበረበት፤ ስለዚህም በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ሥጋት አልተመዘገበም። ግድግዳው ላይ «ዜሮ ሥጋት» የሚል ሰሌዳ ያሰቀሉት በዚህ ምክንያት እንደነበረ አልዘነጋሁትም።

2ኛ. እኔን ራሴን ስላስተማሩኝ ትምህርት አመሰግናለሁ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ደብዳቤዬ ሐሰት ይሆናል። ከሁለት ዓመት በፊት የሁለተኛዋ አውሮፕላን ፍሬን አልቆ ሳለ «ዛሬን ብቻ» ብለው ለመኑኝ። ልመና ከአለቃ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ፈረምኩ። ሄዳ ተመለሰች፤ ምንም አልሆነችም። እኔን ያበላሸኝ ያ «ምንም አልሆነችም» ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ፈርሜያለሁ፤ በሦስተኛው መለመንም አላስፈለገዎትም።

3ኛ. ባለፈው ኅዳር 9 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ስላሳዩኝ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። የመጀመሪያዋን አውሮፕላን የዘይት ፊልትሮ ፈትቼ እጥፋቱን ስዘረጋው ውስጡ የብረት ፍቅፋቂ አገኘሁ። እንደ ዱቄት የላመ ቢሆን ባልደነገጥኩ ነበር፤ በጥፍር የሚነሳ፣ ብርሃን ላይ የሚያብለጨልጭ ነበር። ሰው ሲያስለው ደም ከተፋ የሳል ከረሜላ አይሰጡትም፤ ይህም እንደዚያው ነው፤ ሞተሩ ራሱን ከውስጥ መብላት ጀምሯል ማለት ነው። በጨርቅ ይዤው ቢሮዎ ገባሁ።

«ምንድነው እሱ?» አሉኝ፤ ጠረጴዛዎ እንዳይቆሽሽ ወረቀቶችዎን እየሰበሰቡ።

«የሞተሩ ብረት ነው። ሞተሩ ተፈትቶ እስኪታይ ድረስ መብረር የለባትም» አልኩ።

«ስንት ቀን?»

«ቢያንስ ሦስት ሳምንት።»

«ሐሙስ በረራ አለ። ለዓይን ሕክምና ዘመቻ ወደ ጎጃም የሚሄዱ ነርሶች ናቸው፤ ቃል ገብቻለሁ።» ከዚያም እንደ አባት ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «አየህ አሥራት፣ አንተ ችግር ይዘህ ትመጣለህ፤ እኔ የምፈልገው መፍትሔ የሚያመጣ ሰው ነው። ፊልትሮውን ቀይረህ ዝጋው። አዲሱ ፊልትሮ ውስጥ ብረት አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዲስ ነዋ!»

«እንግዲያው ችግሩ ተፈታ» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ በሙያዬ እንዲህ ያለ አጭር ጥገና አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ደንቆሮ ነኝና ወጥቼ በጥገና መዝገቡ ላይ «ለበረራ ብቁ አይደለችም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። ከሰዓት በኋላ ገጹ «ውኃ ስለፈሰሰበት» በሌላ ገጽ መተካቱን ሰማሁ። ውኃው የእኔን ዓረፍተ ነገር ብቻ መርጦ ማጥፋቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

4ኛ. ማክሰኞ ጠዋት ለጤናዬ አስበው ገላን ወዳለው መጋዘን ስላዛወሩኝ አመሰግናለሁ። ሥራዬ አሮጌ ጎማና የተቀደደ ወንበር መለየት ነበር። በእኔ ቦታ አማኑን አስፈረሙት። አማኑ ሰበታ ተከራይቶ የሚኖር፣ ፈቃዱን ካገኘ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን የምትጠብቅ ቴክኒሻን ነው። ምን እንዳሉት በኋላ ነግሮኛል። «አሥራት ደክሞታል፤ ይህች ፊርማ ቋሚ ሠራተኛ ታደርግሃለች» ነው ያሉት።

እዚህ ላይ ለእርስዎ ሳይሆን ለአንባቢ አንድ ነገር ልናገር። ማክሰኞና ረቡዕ ሁለት ሙሉ ቀን ነበረኝ። ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሄጄ በር ማንኳኳት እችል ነበር። አልሄድኩም። ጎማ ለየሁ። «ሐሙስ ጠዋት ለአብራሪዋ ለካፒቴን ሩት እደውልላታለሁ» ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

5ኛ. ሐሙስ የኅዳር ሚካኤል ነበር። እንደ ወጉ ሰው ሁሉ በየደጁ ቆሻሻውን እያቃጠለ ከቃሊቲ እስከ ገላን ጭስ ለብሶ ነበር። ለካፒቴን ሩት ከማለዳ ጀምሮ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ለአማኑ ደወልኩ፤ አያነሳም። በመጨረሻ ለደኅንነት ኃላፊያችን ለአቶ ወንዲ ደወልኩ።

«እባክዎ ያቺ አውሮፕላን እንዳትነሳ ያድርጉ፤ ካፒቴኗ የምታየው መዝገብ የተቀየረ ነው» አልኳቸው።

«ወንድሜ፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው፤ በበዓል ቀን ክፉ አታውራ!» ብለው ዘጉት። በአራት ዓመት ውስጥ የሰጡኝ ብቸኛው የደኅንነት መመሪያ ይህ ነበርና እሳቸውንም አመሰግናለሁ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንዳለፈ አማኑ ደወለ።

«አሥሬ፣ ወደቀች» አለኝ። «ሱሉልታ ላይ።»

«ሰዎቹስ?»

«አላውቅም። አላውቅም አሥሬ፤ እኔ እኮ ነኝ የፈረምኩት!»

ከገላን ሱሉልታ እንዴት እንደደረስኩ በቅደም ተከተል ላስታውስዎ አልችልም። ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ታቦት ስለወጣ መንገዱ ተዘግቶ ወረድኩ፤ ነጠላ በለበሰ ሕዝብ መካከል እየተጋፋሁ ሮጥኩ፤ ሌላ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ፤ መቀመጫ እያለ ቆሜ ነበርና ረዳቱ «ኧረ ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ፣ ጣራው ይመታዎታል» አለኝ። የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ ዛፎቹን አየሁ። ሞተሩ ከሁለት ደቂቃ በፊት ቆሞ ቢሆን ኖሮ የምትወርደው እዚህ ነበር ብዬ አሰብኩ። ከአራት ደቂቃ በፊት ቢሆን ደግሞ በሰው ጣራ ላይ።

እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ፣ እንደ ካፒቴን ሩትም እጅ፣ ሱሉልታ ላይ ድርቆሹ ታጭዶ አልቆ ነበር። ተራራውን እንደተሻገረች ሞተሩ ሁለት ጊዜ አንኳኳ፤ ዘይት መስታወቷን ሸፈነው፤ ፕሮፔለሩ ቀጥ አለ። በጎን መስኮት እያየች በድርቆሽ ክምሮች መካከል አሳረፈቻት። መስኩ ጫፍ ላይ የፊት ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቶ አፍንጫዋ መሬት ላይ ተተከለ። የአንዷ ነርስ ክንድ ተሰበረ፤ ሌሎቹ ሦስቱ በመጫጫር ተረፉ። የሩት የጀርባ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። መስኩ የኦቦ ዲሪባ ነበር፤ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ሩት «እንዳታጥፉኝ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱኝ» ብትላቸው ሮጠው ሄደው የቤታቸውን በር ከማጠፊያው ነቅለው አመጡ፤ በእሱ ተሸክመው ሚኒባስ ውስጥ አስገቧት። ሐኪሙ በኋላ እንደነገረን ያ በር ባይኖር ሩት ዛሬ እግሯን ማዘዝ አትችልም ነበር። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ቀን ከድርጅታችን የደኅንነት መሣሪያዎች ሁሉ የሠራው ይህ የገበሬ በር ብቻ ነው።

እኔ ስደርስ የተጎዱት ሄደዋል። ኦቦ ዲሪባ በሩ በነበረበት ቦታ ቆመው «አካም ጅርቱ? እንደምን ነህ? የአውሮፕላኗ ሰው ነህ? ና፣ ውኃ ጠጣ፤ ሁሉም በሕይወት ናቸው» አሉኝ። ውኃውን ጠጥቼ ወደ አውሮፕላኗ ሄድኩ።

6ኛ. በቦታው ላይ ስለሰጡት ፈጣን አመራር አመሰግናለሁ። በሁለት መኪና መጡ። ሰው ሁሉ «ስንቱ ተረፈ?» ብለው እንደሚጠይቁ ሲጠብቅ እርስዎ «ሸራውን አምጡ» አሉ። የድርጅቱ ስም ፎቶ ላይ እንዳይታይ ጅራቷ እንዲሸፈን አዘዙ።

ኦቦ ዲሪባ ጠጋ ብለው ተመለከቱና «ሸራ የሚለብሰው ሬሳ ነው። እዚህ ማን ሞተ?» አሉ።

«አባቴ፣ ይህ የድርጅት ጉዳይ ነው፤ አይግቡበት» አሏቸው።

ቀጥለው አማኑን ጠርተው መፍቻ ሰጡት። «የዘይት ፊልትሮውን ፈትተህ መኪናዬ ውስጥ አስቀምጥ፤ እንዳይጠፋ ነው» አሉት። አማኑ መፍቻውን ይዞ እስከ ሞተሩ ድረስ ሄደ። እኔን አየኝ። ከዚያ መፍቻውን ድርቆሹ ላይ አስቀመጠው።

«ማክሰኞ ፈርሜያለሁ፤ ዛሬ ግን አልፈታም» አለ።

«ከሥራ ታስወጣለህ!»

«እሺ» አለ አማኑ።

እርስዎ ራስዎ ወደ ሞተሩ ሲራመዱ ኦቦ ዲሪባ ዱላቸውን ይዘው መሐል ገቡ። «አውሮፕላኗ የእናንተ ናት፤ መስኩ የኔ ነው። ሕግ መጥቶ ሳያይ ማንም አይነካትም። ከፈለግህ እዚህ ከኔ ጋር ተቀመጥና ጠብቅ» አሉ። እርስዎ ግን ስብሰባ ነበረብዎት። ኦቦ ዲሪባ፣ አማኑና እኔ መርማሪዎቹ እስኪመጡ ድረስ እዚያው ክምር ሥር ዋልን።

7ኛ. ከዚያ በኋላ ስለሆነው ሁሉ፣ በተለይም ስለ ፍትሕ፣ አመሰግናለሁ። መርማሪዎቹ አዲሱን ፊልትሮ ፈቱት፤ በብረት ተሞልቶ ነበር። አማኑ እንዴት እንደፈረመ፣ ማን እንዳዘዘው፣ ገጹ እንዴት እንደተቀየረ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። እርስዎ ደግሞ «የአንድ ቴክኒሻን ስሕተት ነው፤ አመራሩ አያውቅም» ብለው ጻፉ። አማኑ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ጥፋቱን ያመነ እሱ ብቻ በመሆኑ የተቀጣውም እሱ ብቻ ሆነ። አሁን ሰበታ አንድ የብረታ ብረት ቤት በር ይበይዳል። ሴት ልጅ ተወልዳለታለች። ስሙን እንድጠቅስ የፈቀደልኝ ራሱ ነው፤ «ጻፈው አሥሬ፤ ፊርማዬማ አንዴ ወጥቷል» ብሎኛል።

ካፒቴን ሩት ሆስፒታል ተኝታ ሳለ «ባልተፈቀደ መስክ ላይ በማረፍ የድርጅቱን ገጽታ ስለማበላሸት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ ደርሷታል። ልጠይቃት ሄጄ አነበበችልኝ። ሳቀች፤ ሳቁ ጀርባዋን አሳመማትና አለቀሰች። በምርኩዝ ትሄዳለች። ትበር እንደሆነ ገና አይታወቅም፤ እኔም ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም።

እርስዎ በበኩልዎ ለሠራተኛው የምስጋና ምሳ አዘጋጁ፤ ተነሥተውም «ቅዱስ ሚካኤል ጠበቀን፤ ከዚህ የበለጠ የደኅንነት ማረጋገጫ የለም» ብለው ተናገሩ። እኔም በሚካኤል አምናለሁ፤ እናቴም ስዕለቷን አስገብታለች። ነገር ግን ሚካኤል ሊቀ መላእክት እንጂ የጥገና ክፍል ኃላፊ አይደለም፤ በእርስዎ የሥራ መደብ ላይም ደርበው ሊሾሙት አይገባም።

ጭላት አየር አገልግሎት ሦስት ወር ታገደ፤ ከዚያም ተዘጋ። በየካቲት ወር ሌላ ስም፣ ሌላ ቀለም፣ ያው ሃንጋር፣ ያው አቶ ወንዲ፣ ያው እርስዎ ተከፈታችሁ። የቀረችው ሁለተኛዋ አውሮፕላን ነጭና አረንጓዴ ተቀብታ ማስታወቂያ ላይ አይቻታለሁ። የፊታችን ሰኞ፣ መጋቢት 1 ቀን፣ የመጀመሪያ ተሳፋሪዎቿን ትጭናለች ተብሏል።

እንግዲህ መረጋጋት የነሳኝ ይህ ነው። የሁለተኛዋ ሞተር ከመጀመሪያዋ ጋር እኩል ሰዓት ሠርቷል። የዘይት ፊልትሮዋ እኔ እስከማውቀው ድረስ ከመስከረም ወዲህ አልተፈታም። ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ይህን ለማወቅ ግማሽ ቀንና አንድ መፍቻ ይበቃል። ከሰኞ በፊት ተቆጣጣሪ ባለበት ያስፈቱት፤ የምለምንዎት ይህን ብቻ ነው። እኔን አይጥሩኝ፤ ማንንም ይጥሩ። ብረት ካልተገኘ ይህን ደብዳቤ ባወጣሁበት ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ደስ እያለኝም እጠይቃለሁ። በዚህ ጊዜ ግን ጎማ እየለየሁ አልጠብቅም። የሥጋቴን ማሳወቂያ ለብቻው ጽፌ ዛሬ ጠዋት ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በእጄ አስገብቼ ማኅተም አስመትቻለሁ፤ ሰኞ ለመሳፈር ለተመዘገቡትም በሚያውቋቸው ሰዎች በኩል አድርሻለሁ፤ ሱሉልታ፣ ሰበታና ቡራዩ የሚኒባስ መናኸሪያ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የበረራ መስመርዎ በእነዚህ ሰዎች ጣራ ላይ ያልፋልና። ሦስት ተሳፋሪዎች እስካሁን ደውለውልኛል። አንደኛዋ «ወንበሬን ትቻለሁ፤ ባሌ ግን እምቢ አለኝ» ብላ አልቅሳለች። ቁጥሩን ተቀብያታለሁ፤ አሁን ልደውልለት ነው።

የሚጽፍ እጄን ለመደወል ስለምፈልገው እዚህ ላይ ለማቆም እገደዳለሁ። ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ሰሌዳዎ እንዲያብረቀርቅ፣ ወንበርዎም ከመሬት እንዳይርቅ እየተመኘሁ፣ ከአውሮፕላንዎ መንገድ ሥር ቆሜ አንገቴን ቀና አድርጌ እጅ እነሳለሁ።

አሥራት ደጀኔ
የፓምፕና የጄኔሬተር ጠጋኝ
ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ የቀድሞ ሾፌርዎ ሱቄ መጥቶ ሲያጫውተኝ አንድ ነገር ነገረኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ባሕር ዳር ሄደዋል፤ አራቱን ጊዜ የራስዎ አውሮፕላን በዚያው ቀን ባዶ ወንበር ይዛ ወደዚያው ስትበር እርስዎ በመኪና ነው የተጓዙት። አንድም ቀን ተሳፍረውባት አያውቁም። ስለዚህ የደኅንነት ጥንቃቄ የለዎትም ማለቴን በይፋ አንስቻለሁ። አለዎት፤ ያውም ከሁላችን የበለጠ። ለአንድ ሰው ብቻ ሆነ እንጂ።